መቼ አነሳሽኝ?

ቁልቢ የሄድኩት ለሥራ ነበር። ታኅሣሥ 18 ቀን፣ የገብርኤል ዋዜማ። ከድሬዳዋም ከሐረርም ከአዲስ አበባም የመጣ ሰው ዳገቱን ሞልቶታል። ስለቱ የሰመረለት ጃንጥላና ሻማ ይዟል፤ አንዳንዱ ደግሞ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። እኔ በአንገቴ ካሜራ፣ በጀርባዬ የሌንስና የፍላሽ ቦርሳ፣ በትከሻዬ ትራይፖድ አንጠልጥያለሁ። ድንጋይ በነጠላቸው አዝለው ከጎኔ የሚወጡ አንዲት እናት ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ ቆም አሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንቺስ ልጄ፣ ምን ተስለሽ ነው?»

«ፎቶ አንሺ ነኝ፣ እማማ።»

«እንዲያው ነው?» አሉኝና ፈገግ ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እሳቸው ድንጋዩን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አራግፈው፣ ቀለል ብሏቸው ሊመለሱ ነው። የኔን ሸክም የሚቀበለኝ አልነበረም፤ ይዤው ወጣሁ፣ ይዤው ወረድኩ።

ቤቴም ፎቶ ቤቴም መልካ ጀብዱ ነው፤ ከድሬዳዋ መሀል ወደ ምዕራብ ወጣ ብሎ። በልጅነቴ ከተማ ማለት ከዚራ ነበር፣ መጋላ ነበር፤ የኛን ሠፈር ከተማ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። የኢንዱስትሪ ፓርኩና አዲሱ የባቡር ጣቢያ ወደኛ በኩል ከመጡ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ከባጃጅ የሚወርዱት ልጆች በዙ፤ ለፋብሪካ መታወቂያ፣ ለማመልከቻ፣ ለምኑም ጉርድ ፎቶ ይፈልጋሉ። ጉርድ ፎቶ እንጀራው ነው፤ ወጡ የሚገኘው ከሠርግ። ሴት ፎቶ አንሺ እንደ ልብ ስለማይገኝ የሙስሊም ሠርግ ሲሆን የሴቶቹን ክፍል እንዳነሳ እኔን ይጠሩኛል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ድሬ ላይ ይኼ ማንንም አይገርምም።

አሮጌው ካሜራዬ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ካነን 5ዲ ማርክ 3 ነው። ባትሪውን ይዞ 950 ግራም፤ ላዩ ላይ የማስረው 24–70 ሌንስ ብቻውን 805። ሁለቱ 1 ኪሎ ከ755 ግራም ይሆናሉ። አንድ ኪሎ ከምናምን ስኳር ገበያ ላይ ምንም አይደለም፤ ከጠዋት እስከ ሌሊት ከፊት ላይ አንስቶ መያዝ ሲሆን ግን ሌላ ነው። የቀኝ እጄ አንጓ ሲያመኝ ከረመና ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ቅቤ ቀብታ፣ አሽታ፣ ጎትታ ስታበቃ «ምን ትፈጪያለሽ?» አለችኝ። ወፍጮ ላይ የምውል መስሏታል።

አዲሱን ካሜራ ዘመድ ከዱባይ አመጣልኝ። ካነን አር 8፣ ከነባትሪው 461 ግራም። 160 ግራም ከሆነችው ትንሿ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር 621። መጀመሪያ በእጄ ስይዘው ትልቅ ማንጎ የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ሐቁን ለመናገር ሸክሙ ሙሉ በሙሉ አልወረደም፤ የድሮውን ሌንስ በ110 ግራሙ አዳፕተር ስገጥምበት መልሶ 1 ኪሎ ከ376 ይገባል፤ ብርጭቆ ያው ብርጭቆ ነው፣ አካሉ ስላነሰ እሱ አያንስም። ባትሪውም ቶሎ ይበላል። ድሮ አንድ ባትሪ ሠርጉን ጨርሶ ያሳድረኝ ነበር፤ አሁን መብራት ሳይጠፋ አራት ሞልቼ ነው የምወጣው። የድሬ አቧራ ደግሞ አለ፤ ሌንስ ስቀይር ሴንሰሩ ራቁቱን ነው፣ የሚሸፍነው የለም።

ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ይኼን ያውቀዋል፤ ለዚህ ብዬ ብዕር አላነሳም ነበር። ድሮ ሴንሰሩን ይሸፍንልኝ የነበረው ነገር ግን ጎድሏል። እሱ ነው ነገሬ።

በአሮጌው ካሜራ ውስጥ፣ ከሌንሱ ኋላ፣ በ45 ዲግሪ ያዘነበለች ትንሽ መስታወት አለች። ከሙሽራዋ ፊት የመጣው ብርሃን በሌንሱ ገብቶ መስታወቷን ይመታል፣ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ እላይ ያለው ፕሪዝም ያቃናውና ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ቁልፉን ስጫን መስታወቷ ብድግ ትላለች። ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ያልፍና ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ተመልሳ ትወርዳለች። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ አብዛኛው የሷ ነው። መስታወቷ ብድግ ባለችበት ጊዜ ታዲያ ወደ ዓይኔ የሚመጣ ብርሃን የለም፤ ይጨልማል። የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፣ ከዚያ አይረዝምም። ፎቶው የሚነሳው ግን ልክ በዚያች ጥቅሻ ውስጥ ነው።

እንግዲህ አስቡት። እጄ ላይ ካሜራ ከገባ ሃያ ዓመት አለፈ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ካነሳኋቸው ፎቶዎች አንዱንም ሲነሳ አላየሁትም። ከሱ በፊት ያለውን አይቻለሁ፣ ከሱ በኋላ ያለውንም አይቻለሁ። እሱን ራሱን ግን አላየሁም።

ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ በደርግ ጊዜ የገዛው ዜኒት ካሜራ ነበረው። የሩስያ ብረት፣ ቢወድቅ መሬቱን የሚጎዳ። ስለ መስታወቱ አላስረዳኝም፣ ምናልባትም ማስረዳት አላስፈለገውም። የሚለኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ሲጨልም ትንፋሽሽን ያዢ።» አንዳንዴ «ሳቋን አየኋት፣ አገኘኋት!» ብዬ ስፈነጥዝ ራሱን ይነቀንቃል። «ካየሻትማ አምልጣሻለች» ይለኛል። ፊልሙ ሲታጠብ ልክ እሱ እንዳለው ነው፤ ያየሁት ሳቅ እዚያ የለም፣ ያላየሁት አለ።

ይኼ ጨለማ የመስታወቷ ፈጠራ አይደለም። ሐረር ላይ እ.ኤ.አ. በ1883 ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ከሊዮን ባስመጣው ካሜራ ራሱን አንስቶ ለቤተሰቡ ልኳል። ምስሎቹ የነጡበት የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ እንደሆነ ጽፏል፤ የሐረርን ውሃ ለሚያውቅ ሰው አያስቅም አይባልም። በዚያ ዘመን ሣጥን ካሜራ ፎቶ አንሺው ጨርቅ ተከናንቦ ምስሉን በደብዛዛ ብርጭቆ ላይ ተዘቅዝቆ ያየዋል። ከዚያ የብርጭቆ ሳህኑን ያስገባል፤ ካስገባ በኋላ በሌንሱ በኩል የሚያየው ነገር የለም። በላይካና በመሳሰሉት ካሜራዎች ማያው ከሌንሱ ጎን ስለሆነ አይጨልምም፤ ግን የምታየው በሌላ ቀዳዳ ነው፣ ፎቶው የሚያየውን አይደለም። በባለ መስታወቶቹም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ1954ቱ አሳሂፍሌክስ በፊት መስታወቱ አንዴ ከተነሳ በአብዛኛው ፊልሙ እስኪጠመጠም ድረስ አይወርድም ነበር፤ ሰውየው ካነሳ በኋላ ዕውር ሆኖ ይቆያል። የኛው ጥቅሻ ስትታይ ምሕረት ናት።

ቅጽበት የሚለው ቃላችን ራሱ ከግእዙ ቀጸበ ነው፤ በዓይን ምልክት መስጠት፣ መጥቀስ። የጊዜን ትንሿን ቁራሽ ለመጥራት የፈለጉት አባቶች ያገኙት ልክ ዓይን የሚከደንበትን ነው። ዓይን የሚገለጥበትን ሊሉ ይችሉ ነበር፤ አላሉም።

በአዲሱ ካሜራ መስታወት የለም፣ ስለዚህ የሚነሳም የሚወርድም የለም። ብርሃኑ ሁልጊዜ ሴንሰሩ ላይ ነው፤ እኔ የማየው ሴንሰሩ ያየውን ነው፣ 2.36 ሚሊዮን ነጥብ ባላት ትንሽ ስክሪን ላይ። ሳልጫነው ፎቶው ምን እንደሚመስል ያሳየኛል፤ ቢጨልምም ቢበራም አስቀድሞ ይነግረኛል። ድምፁን ዘግቼ በኤሌክትሮኒክ ሻተር ስሠራ ደግሞ ያ ጨለማ አይታየኝም። ሙሽራዋ ትስቃለች፣ እጫናለሁ፣ ስትስቅ አያታለሁ፣ ሳቋ ሲያልቅ አያታለሁ። ምንም አያመልጠኝም። የመጀመሪያው ሳምንት ልጅ ሆንኩ፤ ድመቷን፣ ዶሮዋን፣ ፎቶ ቤቴ በር ላይ የምታልፈውን ፍየል ሳይቀር አነሳሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ከነከነኝ። በአሮጌው ካሜራ ዓይኔ ውስጥ የሚገባው ከሙሽራዋ ፊት የተነሳው ያው ብርሃን ነው፤ በሌንስ ያልፋል፣ በመስታወት ይታጠፋል፣ ግን እሱው ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ካይሮ ላይ ኢብን አል-ሀይሠም በኪታብ አል-መናዚር ያስረዳው ይኼንኑ ነው፤ ዓይን ወደ ነገሩ ጨረር አይልክም፣ ከነገሩ የመጣ ብርሃን ነው ዓይን የሚገባው። በአዲሱ የሙሽራዋ ብርሃን ሴንሰሩ ጋ ደርሶ እዚያው ያልቃል። ዓይኔ የሚገባው ሌላ ብርሃን ነው፣ ከባትሪ የተወለደ። ባትሪው ሲያልቅ ሙሽራዋ ፊቴ ቆማ ትጠፋብኛለች። ታዲያ እያየኋት ነበር?

ጥያቄውን ይዤ ሄድኩ ወደ ኡስታዙ። ከፎቶ ቤቴ ሦስት በር አልፎ ልብስ ይሸጣሉ፤ ማታ ማታ ልጆች ቁርኣን ያስቀራሉ፣ የልጆቹን ወረቀት ፎቶ ኮፒ የማደርግላቸው እኔ ነኝ። እዚህ ጽሑፍ ላይ አንቱ እላቸዋለሁ እንጂ ፊት ለፊት «አንተ» ነው የምላቸው፤ ድሬ ነው፣ አቦ። ሙያዬን በተመለከተ የቆየ ክርክር አለን። በሐዲስ ምስል የሚሠሩ ሰዎች በትንሣኤ ቀን ለሠራችሁት ነፍስ ዝሩበት እንደሚባሉና እንደማይችሉ አጫውተውኛል። አንድ ቀን ደግሞ «እናንተ አማርኛ ተናጋሪዎችማ ራሳችሁ ላይ መስክራችኋል» አሉኝ። «ፎቶ ሳልኩ አትሉም፣ ፎቶ አነሳሁ ነው የምትሉት። ተነሣ፣ ትንሣኤ፤ አንድ አይደለም? የሚያነሳው አላህ ነው፣ አንቺ ደግሞ በር ላይ ፎቶ አንሺ ብለሽ ለጥፈሻል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ታፔላዬን ባየሁ ቁጥር ይመጣብኛል።

እሳቸው ራሳቸው ግን ፎቶ ይነሳሉ። ምክንያታቸው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጀምሮ የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሼኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ናቸው። ሼኹ ፎቶግራፍ መፍጠር አይደለም፣ ጥላን መያዝ ነው ብለው ጽፈዋል። ኡስታዙ ይኼን በመስታወት ነው የሚያስረዱት፤ መስታወት ፊት ብትቆሚ ምስልሽ ይታያል፣ መስታወቱን ወንጀለኛ የሚል የለም፤ ምስሉ ሳይሄድ ቢቀር ወንጀሉ ከየት ይመጣል? ይኼን ለዓመታት ስሰማ ኖሬአለሁ፣ ወድጄዋለሁም።

አዲሱን ካሜራ አሳየኋቸው። ገለበጡት፣ መዘኑት። «ምን ተቀነሰለት?» አሉኝ። «መስታወቱ» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ።

«ማስረጃሽን ነዋ የቀነስሽው!»

እኔም የራሴን አመጣሁላቸው፤ መጽሔት የሚለው ቃል በግእዝ መስታወት ማለት ነው፤ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች አሁን የምናየው በመስታወት ነው፣ ፊት ለፊት የምንተያየው ኋላ ነው ያለበት ቦታ ግእዙ የሚለው መጽሔት ነው። የዚያን ጊዜ መስታወት የተወለወለ ነሐስ ስለሆነ ደብዛዛ ነው። «ስለዚህ» አልኩ «በኛ መጽሐፍ መስታወት የጉድለት ምልክት ነው፤ መስታወቱ ከወጣ ፊት ለፊት ደረስኩ ማለት ነው።» በቀልድ ነው ያልኩት። እሳቸው ግን ሳቃቸውን አቆሙ። «እዚህ ሆነሽ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሠርጉ መጣ።

እዚሁ መልካ ጀብዱ፣ ሰፊ ግቢ፣ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶቹ ከጓዳ በኩል ባለው ትልቅ ክፍል። ሂናው ደርቋል፣ ዕጣኑ ጨሷል፣ ድቤው ይመታል። በር ሲዘጋ ሻሽና ጅልባብ ይወልቃል፣ ፀጉር ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ነገር ከዚያ ክፍል አይወጣም። የኔ ውል የታወቀ ነው። ማታውን ፎቶዎቹን በሙሽራዋ ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ፣ እነሱ እያዩ ካርዱን አጠፋለሁ፣ እጄን ታጥቤ እወጣለሁ። በዚህ ነው የምታመነው።

ያን ቀን ድምፁን ዘግቼ ነበር የሠራሁት። መሀል ክፍሉ ላይ ሻተሩ ከኤልኢዲ መብራቱ ጋር አልተስማማም፤ ፎቶው ላይ ጥቁርና ቢጫ መስመር እንደ ቄጠማ ተጎዘጎዘበት። የመስኮቱ ብርሃን ያለበት ጥግ ግን ደህና ነበር። እዚያ ጥግ የሙሽራዋ ታናሽ እህት ቆማለች። ሁሉም ወደ ሙሽራዋ ዞሯል፤ ሊወስዷት ነው። ልጅቱ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ ታለቅሳለች። ካሜራውን አነሳሁ። በፀጥታ፣ አሥራ አራት ጊዜ። እንባዋ ከጉንጯ ወደ አገጯ ሲወርድ ሙሉውን መንገድ ተከትዬዋለሁ። አንዱም አላመለጠኝም።

ማታ ኮምፒውተሩን ከበው እያዩ ሲስቁ፣ ሲተቻቹ፣ እሷ ጋ ደረሰ። ክፍሉ ዝም አለ። «ማሻአላህ፣ እንዴት ታምሪያለሽ» ያለች አለች። ልጅቱ ግን ስክሪኑን ሳይሆን እኔን ነው ያየችው።

«መቼ አነሳሽኝ?»

ለሃያ ዓመታት ይኼን የጠየቀኝ ሰው የለም። ለምን አነሳሽኝ ያለኝ አለ፣ ደግሞ አንሺኝ ያለኝ አለ፣ አስቀያሚ አደረግሽኝ ያለኝ ብዙ ነው። መቼ የሚለውን ማንም አልጠየቀኝም፣ ምክንያቱም መቼ እንደሆነ ሁሉም ያውቀው ነበር። ቀጭ ሲል ነዋ። ያ ድምፅ ክፍሉን ሁሉ ያስጠነቅቃል፤ ያልፈለገች ሻሿን ትስባለች፣ ፊቷን ታዞራለች፣ ወይ «አቦ ተይኝ» ትላለች። ሁለተኛውን ስጫን ፈቃዷን ሰጥታ ወይ ነስታ ጨርሳለች።

«ይጥፋ» አለች። አጠፋሁት፣ አሥራ አራቱንም፣ አንድ በአንድ፣ እያየች። ከፍላሹም ከካርዱም።

«ካንቺ ጋስ?»

«ካርዱ ላይ የለም፣ አሳይቼሻለሁ።»

«ካርዱን አላልኩም።»

መልስ አልነበረኝም። በአሮጌው ካሜራ ቢሆን ኖሮ አንድ እውነተኛ ነገር ልላት እችል ነበር፤ ያችን ሰዓት እኔም አላየኋትም፣ ጨልሞብኝ ነበር፤ ፎቶው ከጠፋ ያየው የለም። አሁን ይኼን ማለት አልችልም። አሥራ አራቱንም አይቻለሁ። ዛሬም ዓይኔን ስከድን እንባዋ አገጯ ላይ ነው።

ለኡስታዙ ሁሉን አልነገርኳቸውም፣ የክፍሉ ነገር ነውና። «ሰው ሳያውቅ አየሁት» ብቻ አልኩ። እንደ ልማዳቸው አልቀለዱም። ሱረቱ አን-ኑር ላይ ወንዱም ሴቷም ዓይናቸውን እንዲሰብሩ መታዘዛቸውን አነሱና፣ ነቢዩ ለዓሊ ስለ እይታ የነገሩት አለ አሉኝ፤ አንዱን እይታ በሌላ እንዳታስከትል፣ የመጀመሪያው ላንተ ነው፣ ሁለተኛው ግን አይደለም። ሳይታሰብ ዓይን ያረፈበት ይቅር ይባላል፤ ተመልሶ መሄድ ነው የሚያስጠይቀው።

ይኼን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ መስታወቷ ናት። እሷ አለች ማለት እይታዬ ይቆረጣል ማለት ነበር። አየሁ፣ ጨለመ፣ አየሁ። ሁለተኛው ሁለተኛ መሆኑን አውቀዋለሁ፤ ጨለማው በመሀል ገብቶ ቆጥሮልኛል። በአዲሱ ግን የመጀመሪያው የት አልቆ ሁለተኛው የት ይጀምራል? አንድ ረጅም እይታ ነው፣ ጫፍ የለውም። የመጀመሪያው ነው ብዬ ራሴን ላታልል እችላለሁ፤ ልጅቱ ላይ ያደረግሁትም ይኼንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ሰው የካሜራ ብረት ላይ ሥነ ምግባር ትለጥፋለች ሊለኝ ይችላል። መስታወቷ ብርሃን ለማጠፍ ነው የተሠራችው፣ ለኔ ነፍስ አይደለም፤ እሱ እውነት ነው። ግን ያደግሁበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጋረጃ አለ። ሥዕሉ በመጋረጃ ይሸፈናል፣ በሰዓቱ ይገለጣል፣ ተመልሶ ይሸፈናል። ታቦቱ ጥምቀት ላይ ሲወጣ ተጎናጽፎ ነው፤ ስንት ዓመት ከፊት ከፊቱ እየሮጥኩ አነሳሁት፣ ያነሳሁት ግን ጨርቁን ነው፣ ሌላ ነገር አላማረኝም። ልጅ ሆኜ እናቴን መጋረጃው ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «እንድታይው» አለችኝ። ያኔ የተሳሳተች መስሎኝ ነበር። እና አሮጌው ካሜራ ውስጥ ከመስታወቷ ኋላ ያለው ሻተር ራሱ ሁለት መጋረጃ ነው፤ አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ይዘጋል። የሙያው ቃል ነው፣ እኔ አልፈጠርኩትም። በአር 8 የመጀመሪያው መጋረጃ የለም፣ ሥራውን ኤሌክትሮኒክሱ ይሠራለታል፤ የሚዘጋው ብቻ ቀርቷል። ድምፁን ስዘጋው ደግሞ እሱም አይንቀሳቀስም።

አሮጌው ጥሩ፣ አዲሱ መጥፎ እያልኩ አይደለም፤ እንደዚያ ብል አንጓዬ ይታዘበኛል። ቅዳሴ ላይ ጸጥታው በረከት ነው፤ ድሮ አንድ «ቀጭ» ባልኩ ቁጥር ዲያቆኑ በዓይኑ ያርደኝ ነበር። ሌላም ነገር አለ። በኛ አገር ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሌላውን ጥቁር ብረት ኋላ ደብቄ ነው ሰው ፊት የቆምኩት፤ ሠዓሊው ቢያየኝ የት እንደሚመድበኝ ግልጽ ነው። አዲሱን ደረቴ ላይ ይዤ ስክሪኑን እያየሁ ማንሳት እችላለሁ። ፊቴ ይታያል። ለካ ብዙ ደንበኞቼ ሲነሱ ፊቴን አይተውት አያውቁም።

ባለፈው ወር አንዲት አዴ (ሠፈራችን ትልቅ ሴት አዴ ናት) አርባ ቀኑ የወጣለት የልጅ ልጇን ታቅፋ መጣች። ሁለታችንን አንድ ላይ ነው የምፈልገው አለችኝ። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። ልጁን ገለጥ አድርጋ ወደ እኔ አዞረችው፣ ግን ወዲያው መልሳ ሸፈን አደረገችው።

«ማሻአላህ በይ እንጂ መጀመሪያ!»

«ማሻአላህ» አልኩ። ኢብን አል-ሀይሠም ከዓይን የሚወጣ ነገር የለም ቢልም አዴ በዚህ አትስማማም፤ ዓይን ይወጣል፣ ይበላል። በተለይ የፎቶ አንሺ ዓይን፣ ከብርጭቆ ኋላ ሆኖ የሚያተኩር። ከአሮጌው ካሜራ ጋር ሕጉን ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ እኔ እላለሁ፣ ቀጭ ይላል፣ እሷ ልጁን ትሸፍናለች።

ገለጠችው። ካሜራውን ደረቴ ላይ ይዤ ተጫንኩ። ሌላ ተጫንኩ። አዴ ትንፋሿን ይዛለች፣ አንገቷ ደርቋል፣ ዓይኗ አንዴ እኔ ላይ አንዴ ካሜራው ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ሳያት የተከሰሰ ሰው ትመስላለች። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ልጁ ዛጋ። እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ገና ነው?» አለችኝ ከንፈሯን ሳታነቃንቅ።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ከአንድ ቅዳሴ ወዲህ ድምፁን አልከፈትኩትም። ሜኑው ውስጥ ገብቼ ፈልጌ ከፈትኩት፤ አዴ ልጁን መልሳ ሸፍናለች፣ እኔም መልሼ ማሻአላህ ብያለሁ። ዓይኔን ማያው ላይ አደረግሁ። ገለጠችው። ተጫንኩ።

ቀጭ አለ፣ ትንሽ ነው፣ የአሮጌውን ሲሶ አይሆንም። ግን ሰማችው። ትንፋሿን ለቀቀችው፣ ትከሻዋ ወረደ፣ ልጁን ወደ ጡቷ ስባ ሸፈነችውና በሌሉት ጥርሶቿ ክፍት ብላ ሳቀች። «አበቃ?» አለችኝ።

ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። አልተጫንኩትም።